ጆንያው እስኪሞላ

ባለፈው ሳምንት አማን ከተማ፣ አንድ መድኃኒት ቤት በር ላይ ተራ ይዤ ከጎኔ ካለች ልጅ ጋር ስጫወት፣ ከኋላዬ የነበሩ እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «መልክሽን ረስቼዋለሁ፣ ድምፅሽን ግን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «መጋዘን የለምለምን ታሪክ የምታወሪልን አንቺ አይደለሽም? ለምለም እንዴት ናት?» ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳቸው።

ለምለም ሰው አይደለችም። በሃያ ዓመቴ፣ ሚዛን ከተማ ቡና ለቀማ ስገባ ከራሴ የፈጠርኳት ሴት ናት። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነን፣ የቡናውን ክምር በመሃላችን አድርገን ፊት ለፊት እንቀመጥ ነበር። የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለየን ደህናውን ጆንያ ውስጥ እንጨምራለን። ቤንቹም፣ ሸኮውም፣ ካፋውም፣ ጉራጌውም ነበረ፤ አማርኛችንም እንደየቤታችን ነበር። እጅ ሲሠራ ጆሮ ሥራ ይፈታል። እኔ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት ባላይም ወሬ አያልቅብኝም። አንድ ቀን ስለ ለምለም ጀመርኩላቸው፤ በማግስቱ «ቀጥዪ» አሉኝ። እንዲሁ እያልን ዓመታት ዘለቅን። ቆይቶ ሕግም ወጣለት፤ ታሪኩ የእኔና የጓደኛዬ ጆንያ እስኪሞላ መቆየት አለበት። ሲሞላ አቆማለሁ፣ የቀረው ለነገ። ጆንያው ሊሞላ ሲል ለምለምን ወንዝ አፋፍ ላይ ትቻት መነሳትን እንዲያ ነው የተማርኩት።

ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ዘነቡ ነበረች፤ ከማጂ የመጣች፣ በአራት ዓመት የምትበልጠኝ፣ ሰው ሁሉ ባሏ የሞተባት ብሎ የሚያውቃት። ስትስቅ ክምሩ ይበተናል። ከማጂ አጠገብ ካለችው ከቱም ሚዛን የመጣችው ለጭነት መኪና ሾፌር ቀይ ዶሮ ሰጥታ እንደሆነ ያልሰማ አልነበረም። «ዶሮዋ ጋቢና ገባች፣ እኔ ከላይ ከበቆሎው ጋር» ትላለች። ባል ኖሯት እንደማያውቅ ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከማጂ የወጣችው በሠርጓ ማለዳ ነው፤ ዶሮዋም ለድግሱ ከታሰሩት አንዷ ነበረች። ቤቷ ጎደሬ እየላጥን፣ አደራ ብላ ነው የነገረችኝ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የመጣልን ቡና ብልሹው በዛ። ለቀማው አልገፋ አለ። ጆንያው ገና ግማሽ ነው፣ የእኔ ታሪክ ግን አለቀ።

«ከዚያስ?» አሉ ከዳር።

ከዚያማ፣ ለምለምን በሠርጓ ማለዳ ከቤት አስወጣኋት። መንገዱን ሙሉ አስለቀስኳት። መኪና ስታገኝም፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለሾፌሩ ቀይ ዶሮ አሰጠኋት።

አንዲት የሸኮ እናት እጃቸውን ከቡናው አንስተው ዘነቡን አዩ። ቀጥሎ ሁሉም አያት። ዘነቡ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳችና በሩ ጋ ሄዳ ተቀመጠች።

ሦስት ቀን ፊት ለፊቴ ባዶ ነበር። ስለ ለምለም ሲጠይቁኝ ጉሮሮዬን አመመኝ እላለሁ። እሑድ ሙዝ ይዤ ቤቷ ሄድኩ፤ ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ሁለቴ ነጠቀኝ።

«ደግሞ ምን ልትሰርቂ መጣሽ?» አለች፣ ከደጃፏ ሳትነሳ።

«ይቅር በይኝ ዘነቡዬ። ነገ ውሸቴን ነው እላቸዋለሁ።»

«ውሸታም መሆንሽንማ ያውቃሉ። ለዚህ አይደል የሚሰሙሽ።» ሙዙን ተቀበለችኝ፤ አልላጠችውም። «አምስት ዓመት ሙሉ ባሏ ሞቶባታል ብለው አክብረው አኖሩኝ። አሁን ምን ልባል ነው?»

ጭቃውን ከጫማዬ በእንጨት መፋቅ ጀመርኩ።

«ቆይ፣ ለምለምን ለምን አስለቀስሻት?» አለችኝ።

«አላለቀስሽም እንዴ?»

«ዶሮዋን አቅፌ እስከ ቱም እየሳቅሁ ነው የሄድኩት። መስረቅሽ ሳያንስ አበላሸሽው።»

ሰኞ ከሁሉም በኋላ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ዛሬ እኔ ነኝ የማወራው» አለች። ቃል ሲጠፋባት በእጇ ትጨርሰዋለች። ላቀብላት አፌን ስከፍት በዓይኗ ዘጋችኝ። ሽማግሌዎቹን፣ ሙሽራውን፣ ዶሮዋ እንዳትጮህ ምንቃሯን ይዛ በጓሮ መውጣቷን፣ ሁሉንም አወራችው። ጆንያችን ሞልቶ መሬት ላይ ይፈስ ጀመር፤ ተነሱ ያለ ሰው የለም። ስትጨርስ የሸኮዋ እናት አሰብ አደረጉና፣ «ሙሽራው ግን እስካሁን እየጠበቀ እንዳይሆን» አሉ። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ፤ ዘነቡም ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለዶሮዋ ሆነች። በፊት ያከብሯት ነበር፤ አሁን ወደዷት።

እኔ ግን ወሬ አዋቂ ነኝ እል እንጂ፣ ሰው በቅጡ ሰምቼ እንደማላውቅ ያን ቀን ገባኝ።

ለምለም በኋላ ደብተር ላይ ገባች፤ አሁን አሥራ አንደኛው ደብተር ላይ ናት። ዛሬ ሰው አንድ ነገር ሲያጫውተኝ፣ «ይሄ ለእኔ ነው ወይስ ለለምለም?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ስቀው «ለለምለም» ይላሉ። አንዳንዶቹ ግን ቆም ብለው ያስባሉ።

ከዘነቡ ጋር ዛሬም እንጠያየቃለን። ከዚያ ወዲህ ሌላም ነገር ነግራኛለች፤ በዕድሜዬ ከሰማሁት ሁሉ የሚጥመው እሱ ነው። ለማን እንደሆነም ጠይቄያታለሁ።

«ላንቺ» ብላኛለች።