ቀይ እስክሪብቶ እጅ ስትነሣ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። ተማሪዎቿ ከኋላዋ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል፤ ከፊቷማ ማን ደፍሮ! ደብተር ስታርም ገጹ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። አባቷ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ነበር ያሳደጓት፤ እሷም ለክፍሏ ያወረሰችው ይህንኑ ነው። የማያውቅ ዝም ይበል፣ አለቀ።

አንድ ቀን ታዲያ «ለሥልጠና አንድ መምህር ይላክ» ተባለ። ሌሎቹ ሰበብ ሲደረድሩ እሷ ሰበብ መፍጠር አልሆንላት ብሎ ሄደች። ሥልጠናው ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ልምምድ፣ አፍ እንዳመጣ የሚሠራ ተውኔት ነበር። «ልጆችን ያግባባል፣ ድፍረት ይሰጣል» አሏት። የመጀመሪያውን ቀን በንዴት ዋለች። በሁለተኛው ቀን የተበላሸ ሊፍት ሆና ተወነች። በሦስተኛው ቀን ከሳቅ ብዛት ሆዷን አመማት።

ከዚያ ወዲህ የሐሙስ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የጨዋታ ሆነ። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው። ጓደኛህ ምንም ይበል ምን «አይ» አይባልም፤ «እሺ፣ ደግሞም» ብለህ ትቀጥላለህ። አንዱ «ይህ ጠረጴዛ ጀልባ ነው» ካለ፣ ሌላው «እሺ፣ ደግሞም ውኃ እያስገባ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ጫማውን አውልቆ ውኃውን ይቀዳል። የተሳሳተ ደግሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «ተሳሳትኩ!» ይልና ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፤ ክፍሉ ያጨበጭብለታል። ነገሩ እስከ ቤቷ ዘለቀ። ልብስ ሰፊው ባሏ የሰው እጅጌ አሳጥሮ ቆረጠና እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። ደንበኛው ግን አላጨበጨበም።

ከልጆቹ ጨዋታው ውስጥ ያልገባች አንዲት ብቻ ነበረች። መስኮት ሥር ትቀመጣለች፤ የተጠየቀችውን ጽፋ ታሳያለች እንጂ ድምፅ አታወጣም። ምክንያቱን ቀይ እስክሪብቶ አሳምራ ታውቃለች። አምና ልጅቷ ሰሌዳ ላይ ወጥታ አንድ ክፍልፋይ በስሕተት ብትገለብጥ፣ «ጭንቅላትሽን ቤት ረስተሽው ነው የመጣሽው?» አለቻት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷም ዝም እንዳለች ይኸው ዓመቷ። ይህ ዝምታ የመምህሯን ሆድ ሲበላው ከረመ፤ ጨዋታውንም ቢሆን የያዘችው ለሁሉም ብላ ሳይሆን ለዚች ልጅ ብላ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አስጠራት።

«እትዬ፣ የጎረቤት ክፍሎች በጭብጨባው መማር አልቻልንም እያሉ ነው። ፈተናውም ደርሷል። ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ ሰዓቱ ለክለሳ ይሁን» አላት። «የዛሬውን ግን መጥቼ አየዋለሁ።»

መጣም። የክለሳውን ፕሮግራም በብብቱ ሸጉጦ ከኋላ ተቀመጠ። ጨዋታው ተጀመረ፤ ጀልባው ሰመጠ፣ አሣ ነባሪ መጣ፣ አሣ ነባሪው ጥርሱን አመመው። ልጅቷ መስኮቱን ታያለች። ሊደወል አሥር ደቂቃ ሲቀረው መምህሯን አንድ ነገር ቆጠቆጣት፦ ይህን ሁሉ ልጅ እጅ ስታስነሣ እሷ ራሷ አንድም ቀን እጅ ነሥታ አታውቅም።

ወደ መሐል ወጣች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መሳሳት የሌላ ሰው ሥራ ነበራ! እጆቿን ወደ ላይ አነሣች።

«አምና አንዲት ተማሪዬን በሰው ፊት ‹ጭንቅላትሽን ቤት ረስተሽው ነው የመጣሽው?› አልኳት። ተሳሳትኩ!» አለችና ወገቧ እስኪንቋቋ ጎንበስ አለች።

ማንም አላጨበጨበም። መምህር ሲሳሳት ምን እንደሚደረግ የነገራቸው የለማ! እሷም ቀና ማለት ፈርታ የወለሉን ስንጥቅ ስታይ ቆየች። ያን ጊዜ ከመስኮቱ በኩል አንድ ጥንድ እጅ ማጨብጨብ ጀመረ። ክፍሉ ተከተለ። ርዕሰ መምህሩም ሳይታወቀው ሲያጨበጭብ ፕሮግራሙ ከብብቱ ወደቀ።

ቀይ እስክሪብቶ ቀና ስትል ልጅቷ ተነሥታ ቆማለች። ዓመት ሙሉ ያልወጣ ድምፅ ሻክሮ ወጣ።

«እሺ፣ ቲቸር» አለች፤ «ደግሞም ዛሬ ጭንቅላቴን ይዤ መጥቻለሁ።»