በፈረንጇ ግጦሽ ላይ የጨረቃ ቤት

አባቴ እኔ ወደምኖርበት ፈረንጅ አገር መጥተው አሌክሳንድሪያ በገቡ በሳምንታቸው የአፓርታማችንን ኮሪደር ይመላለሱበት ጀመር። ከሊፍቱ እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው እስከ ሊፍቱ። ከሆቴል ሥራዬ ስመለስ እዚያው አገኛቸዋለሁ። ገብተው እንዲቀመጡ እለምናቸዋለሁ፤ ይቀመጣሉ፤ ጫማዬን አውልቄ ሳልጨርስ ግን ተነስተዋል። መቁነጥነጡን ከማን እንደወረስኩት ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ብሆን አንድ ቤት ረግቼ ኖሬ አላውቅም።

አገር ቤት ሳሉ በአዲስ አበባ ዳርቻ የወተት ላሞች ነበሯቸው። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ግጦሻቸው «ባዶ መሬት ነው» ተብሎ ተወሰደ። ጎረቤታቸው በሜዳው ጥግ የጭቃ ቤት ስለነበረው ምትክ ቦታ አገኘ። አባቴ ምንም አላገኙም፤ ላሞቹን ሸጡ። ከዚያ ወዲህ ቤት ያልቆመበት መሬት የማንም ነው ብለው ያምናሉ፤ ከዚህ እምነታቸው ማንም ንቅንቅ አያደርጋቸውም።

ትንሽ ቢረጋጉ ብዬ ለፋሲካ ቅርጫ ይዣቸው ሄድኩ። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ በሬ የምንገዛው በርክ የሚባለውን ሰፈር አልፈን፣ ርቀን ሄደን፣ ባሏ ከሞተባት አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ነበር። ያኔ ቤት እንደ ጉድ የሚሸጥበት ዘመን ስለሆነ ዙሪያዋን ሁሉ አዲስ ሰፈር ከቧታል፤ ቤት ሠሪዎቹ ሽጪልን እያሉ አላስቀምጥ ብለዋታል። ወንዶቹ ሥጋውን መደብ መደብ አድርገው ዕጣ ሲጥሉ አባቴ ጠፉብኝ። ሳገኛቸው እሳቸውና ሴትዮዋ ልትወልድ የደረሰች ላም ሆድ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ በየቋንቋቸው ይነጋገራሉ።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድወስዳቸው አዘዙኝ። ኋላማ ሳምንቱንም እዚያው፣ በረቱ አጠገብ ባለች ክፍል ማደር ጀመሩ፤ አጥር ይጠግናሉ፣ ጥጃ ያጠባሉ። ኮሪደሩ ጸጥ ሲል እኔ ደግሞ ባሰብኝ። ወድቀው ይሆን፣ በሬ ወግቷቸው ይሆን እያልኩ በምሳ ሰዓቴ ሁሉ ለሴትዮዋ እደውላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሴትዮዋ አስቀመጠችንና እኔ እያስተረጎምኩ ሐሳቧን ነገረቻቸው። መሬት ከሚጠብቅ ማኅበር ጋር ውል ልትፈርም ነው። መሬቱ የእሷው ሆኖ ይቀጥላል፤ ልትሸጠውም ትችላለች፤ ግን እሷም ሆነች ከእሷ በኋላ የሚይዘው ሰው ለዘላለም ቤት አይሠራበትም፤ የከብት መሬት እንደሆነ ይኖራል። ልጆቿ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ሳትፈርም ከሞተች በማግስቱ ለቤት ሠሪ እንደሚሰጡት ታውቃለች።

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ።

«ንገሪያት፤ እንዲህ ብላ ከፈረመችማ በገዛ እጇ አስወሰደችው» አሉኝ።

ነገርኳት። ሳቀችና እጃቸውን መታ መታ አደረገችላቸው። እሳቸው አልሳቁም።

የማኅበሩ ሰዎች መሬቱን አይተው የሚያፈራርሙበት ቀን ተቆረጠ። በዋዜማው ስሄድ ከመንገዱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ አንዲት ቤት ቆማለች። ግድግዳዋ የአጥር እንጨት፣ ጣሪያዋ ከአሮጌ በረት የተነቀለ ቆርቆሮ፤ በር ሳይቀር ተገጥሞላታል። የለየላት የጨረቃ ቤት፤ እኛ አገር በአንድ ሌሊት ተሠርታ ጠዋት ነባር ነኝ የምትለው ዓይነት። ሴትዮዋ ጉልበቷን ስለሚያማት ወደዚያ አትወጣም፤ ያየችውም ገና ያን ዕለት ነው። በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነገ ሰዎቹ ያልጠበቁት ቤት ካዩ ፊርማው እንደሚራዘም፣ እሷ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት የልብ ቀዶ ጥገና እንዳለባት፣ ከዚያ ተመልሳ ስለመምጣቷ እርግጠኛ እንዳልሆነች ቀስ ብላ ነገረችኝ።

ደሜ ፈልቶ ኮረብታውን ወጣሁ። አባቴ በሩን እያስተካከሉ ነበር።

«አባዬ፣ ምን ነካዎት? ነገ መጥተው ኢንስፔክት ያደርጋሉ። ይቺን ካዩ ሳይን አታደርግም።»

«እሰየው።»

«ቀዶ ጥገና አለባት። ሳትፈርም ከሞተች ልጆቿ ይሸጡታል። ላሞቹንም።»

መዶሻቸው አየር ላይ ቀረ። ቁልቁል ወደ ላሞቹ አዩ፤ ማዶ ተደርድረው ወደቆሙት አዲስ ቤቶችም አዩ።

«እዚህ አገር ወረቀት ይታመናል?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። «እሷ ታምነዋለች» አልኳቸው።

በሩን ከማጠፊያው ነቀሉት። እሳቸው ይነቅላሉ፣ እኔ እቀበላለሁ፤ ላሞቹ ዙሪያችንን ቆመው ያዩናል። አንዲት ምስማር እንኳ የላም ሆድ እንዳትገባ በጉልበታቸው እየዳሁ ሣሩን በእጃቸው ዳበሱት። ሲጨርሱ ቤቷ የነበረችበት ቦታ መሃል ቆሙ።

«ያኔ ባዶ ነው ብለው ወሰዱብኝ» አሉ። «ይኸው ዛሬ በእጄ ባዶ አደረግሁላት።»

ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም የተሸከምኩትን ቆርቆሮ ሳላስቀምጥ አለቀስኩ።

በማግስቱ ፈረመች፤ ከቀዶ ጥገናውም ተርፋ ላሞቿ መሃል ተመለሰች። አባቴ ግን ወረቀቱን ጨርሰው አላመኑትም። ከከተማ በወሰድኳቸው ቁጥር ከመኪና እንደወረዱ መጀመሪያ የሚወጡት ያንን ኮረብታ ነው፤ ባዶ መሆኑን በዓይናቸው ሳያዩ ወደ ላሞቹ አይሄዱም።