የጋሽ ደምሴ ፒቸር

በቀደም አሌክሳንድሪያ ውስጥ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ ከሜዳው አጥር ወዲያ ኳስ የቆዳ ጓንት ውስጥ ገብታ «ጧ!» አለች። ሌላው ሰው ቤዝቦል ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ጋሽ ደምሴ ከመቃብር ተነሥተው «አትልቀቃት!» ብለው የጮኹብኝ መስሎኝ ቁልፌን መኪናው ውስጥ ቆለፍኩት።

ጋሽ ደምሴ በልጅነቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤታችን ነበሩ። አዲስ አበባ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን በረኛ ሆነው ተጫውተዋል። እሳቸው እንደሚሉት ከሆነ በዕድሜ ልካቸው ጎል አልገባባቸውም፤ የገባውን ንፋስ ነው ያስገባው፣ ንፋስ ያላስገባውን ዳኛ። ከፓርኪንግ ጋራዥ ሥራቸው ሲመለሱ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ሰማያዊ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ የሰፈሩን ልጆች ከሕንፃው ጀርባ ሰብስበው እንደ በረኛ ኳስ ላይ ተወርውሮ መያዝ ያስተምሩን ነበር። እኔ ከዚያ ሣር የበላሁትን ያህል ፍየል አይበላም።

ልጃቸው ዮናስ ክንደ ረጅም ስለነበር የሃይስኩሉ አሠልጣኝ ፒቸር አደረገው፤ ለመቺው ኳስ የሚወረውረው እሱ ሆነ። ጋሽ ደምሴ የመጀመሪያውን ጨዋታ አይተው የመጡት ተቆጥተው ነው።

«ወርውሮ ዝም ብሎ ይቆማል እንዴ? ተመትታ ስትመለስ ማን ይያዛት?»

«ደምሴ፣ ለሱ ከኋላው ሌሎች ልጆች ቆመዋል እኮ» አላቸው አባቴ።

«የኔ ልጅ እያለ?»

ስለዚህ በረኛ አደረጉት። ፒቸር ጓንት የሚያጠልቀው በአንድ እጁ ነው፤ የሚወረውርበትን ባዶ እጅ ከተመታ ኳስ እንዲያሸሽ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይነገረዋል። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በረኛ በአንድ እጁ የሚይዘው ደመወዝ ሲቀበል ነው!» አሉ። ዮናስም በሁለት እጁ መያዝ ለመደ።

በኋላ አሌክሳንድሪያ የሚጫወት የበጋ ሊግ ገባ፤ የኮሌጅ መልማዮች የሚመጡት እዚያ ነበር። በአወራወር ከሊጉ አማካይ ውጤት ትንሽ ዝቅ ይላል። ኳስ በመያዝ ግን የሊጉ ፒቸሮች ሁሉ አማካይ ከሱ ጋር ሲተያይ የሚያፍር ይመስል ነበር። ሌላው ፒቸር አጎንብሶ የሚያሳልፋትን እሱ ተወርውሮ ይቀልባታል፤ ስቶ «ኤረር» ተብሎ የተቆጠረበት ኳስ የለም ማለት ይቻላል። ሊጉ የሚያድለውን የውጤት ወረቀት ጋሽ ደምሴ ቅዳሴ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ያነቡልናል፤ የአወራወሩን መስመር ዘለው።

«አማካይ ማለት ተራው ሰው ነው። ልጄ ከተራው ሰው በላይ ነው» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ቤዝቦል የሚበላ ይሁን የሚጠጣ ሳያውቁ ያጨበጭባሉ።

ዮናስ ኮሌጅ የሚገባው ከተመለመለ ብቻ መሆኑን የሕንፃው ሰው ሁሉ ያውቅ ስለነበር፣ መልማዩ የመጣ ቀን ሁላችንም ሄድን። ዮናስ እንደዚያ ቀን አሳምሮ ወርውሮ አያውቅም። መልማዩ ቀና ብሎ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ አንዱ መቺ ኳሷን መልሶ በቀኙ በኩል ላካት። ከኋላው ያለው ልጅ እጁን አዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

«አትልቀቃት!»

ዮናስ ባዶ ቀኝ እጁን ሰደደ። ያዛት። ጋሽ ደምሴ አጠገባቸው ያሉትን ሁሉ እያቀፉ ሲዘሉ፣ ልጃቸው እጁን ደረቱ ላይ አጣብቆ ተንበርክኮ ነበር። ሦስት ጣቶቹ ተሰብረዋል። መልማዩ ብዕሩን ኪሱ ከትቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ሆስፒታል ስንጠብቅ ዮናስ «ዳድ፣ ኳሷ የኔ አልነበረችም» አለ።

«ግን ያዝካት» አሉት።

ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ሲያወራቸው አልሰማሁም። ጣቶቹ ተጠገኑ፣ ግን ኳስ ለመጨበጥ አልታጠፉም። እሱ አሌክሳንድሪያ ሄዶ ቀረ፤ እሳቸው ሲልቨር ስፕሪንግ። በመሃላቸው ያለውን የወንዝ ድልድይ የተሻገረ እንኳን ሰው፣ ስልክም የለም። እሳቸው ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ የልጃቸውን ቁጥር ከአማካዩ ጋር ያስተያዩ ነበር። ውሸትም አልነበረም። ዳግም ስላልተጫወተ፣ ዳግም መሳትም አልቻለም።

ባለፈው ክረምት ሲሞቱ ዮናስ ለቅሶ መጣ። አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው እየተነሡ «አንተ ነህ ያ ከአማካዩ በላይ የሆንከው? አባትህ ሲኮሩብህ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉለት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ፣ በአማርኛ። የእጁን አንጓ ሰጣቸው። ለምግብ እጁን ገና የታጠበ መስሏቸው አንጓውን ጨበጡት።