ምስር መጣ

ምስር ስለቅም እጄ ያዘግማል። ሰፌዱ ላይ ሳፈሰው የሚያሰማው ሿታ፣ ከሥሩ የሚነሳው አፈር አፈር የሚል ሽታ፣ ይዞኝ ነገሌ ይወርዳል። ልጆቼ «እማዬ ምስር ለመልቀም ቀን ይፈጅባታል» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ለእነሱ ምስር ወጥ ነው፤ እኔ ግን ያደግሁት ምስር አገርም፣ ሰውም በሆነበት ሰፈር ነው።

እኛ ከደጋ የሄድን ነን። አባቴ መምህር ሆኖ ተመድቦ ነገሌ ስንገባ እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ነበርኩ። ከጎረቤታችን ከነጋዴው ግቢ የሚለየን የእሾህ አጥር ነበር። የነጋዴውን ባለቤት «አዮ» እንላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። አማርኛቸው ገበያ ደርሶ የሚመለስ ያህል ነው። የእናቴም ኦሮምኛ ከሰላምታው፣ ከ«አካም»ና ከ«ናጋ» አያልፍም። ሁለቱ ግን በዚያችው በተሰባበረች ቋንቋ አውርተው አይጠግቡም። ያልተግባቡበት ነገር ሲኖር እኔ ተጠርቼ አስተረጉማለሁ።

አዮ ያላቸው አንድ ልጅ ነው። ሃይማኖት ሊማር ብሎ በሞያሌ በኩል በከብት መኪና ወጣ፤ ቆይቶ ካይሮ መድረሱ ተሰማ። አዮ ካይሮ አይሉም፣ ግብፅም አይሉም። እስላሙ ጎረቤት ሁሉ እንደሚጠራት «ምስር» ነው የሚሏት። ያኔ እንዲያ ከአገር መውጣት ወንጀል ነው። ያውም ግብፅ፣ ስሟ በሬዲዮ በደግ የማይነሳው። ስለዚህ ነገሩ ከሁለቱ ቤት አልወጣም።

አንድ ቀን የሞያሌ ሾፌር ካሴት አመጣ። በር ተዘግቶ፣ ቴፑ ተቀንሶ፣ ከጓዳ በጭስ የታጠነ የወተት ዕቃ እየሸተተን አዳመጥን። ልጁ በኦሮምኛ ያወራል፣ ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፣ እኔ ለእናቴ እተረጉማለሁ። እዚያ ሰው ጠዋት ጠዋት ባቄላ ነው የሚበላ። ሴቶቹ ሱቅ አይወርዱም፤ ከፎቅ በገመድ ቅርጫት ይለቃሉ፣ ባለሱቁ ዳቦውን ይከትላቸዋል። «ሰነፎች» አሉ አዮ፣ ደስ ብሏቸው። የጥንቶቹ ነገሥታት መቃብር ተራራ ያክላል፤ እዚያው ሥሩ ሰው ቤት ሠርቶ ልብስ ያሰጣል። በጋው ሊገባ ሲል እስላሙም ክርስቲያኑም በጨው የከረመ ዓሣ ይዞ መስክ ይወጣል፤ ከፈርዖን ጀምሮ እንዲሁ ነው ይላሉ። እናቴ «ያ ሙሴን ያሳደደው?» አለች። አዮ ዓሣውን ሲሰሙ ፊታቸው ተኮሳተረ። ዓሣ የሚበላ ልጅ አላሳደጉማ።

ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ ነው።

«እማማ፣ ልጅዎ የት ሄደ?»

አዮ መዋሸት አያውቁም። «ምስር» አሉ።

ሰውዬው ግንባሩን ቋጠረ። እናቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ምስር ሊገዛ ነዋ፣ ደጋ ወጥቶ። እኔ ነኝ የላክሁት፤ ጾም መጣ፣ ቤቴ ባዶ» አለች። ሊቀመንበሩ ሳቀ። «ሲመጣ እኛም እንቅመስ» ብሎ ሄደ። ሁለቱ ሴቶች ከዓይናቸው እስኪሰወር ጠብቀው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አዮ ሲስቁ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። ሳቁ የት እንዳለቀ፣ እንባው የት እንደጀመረ እንጃ።

ልጁ ግን ከካሴቱ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

በዓመቱ በዐቢይ ጾም ዝናቡ ጣለና መንገዱ በቀይ ጭቃ ተያዘ። የደጋ መኪና ጠፍቶ በጎመን ብቻ ሰነበትን። አንድ ረፋድ ላይ ጋሪ በራችን ቆመ። እናቴ ጆንያውን ስታይ ደስታ አቅሏን አሳታት።

«ነይ ዕቃ አምጪ፣ ምስር መጣ! ምስር መጣ!»

አዮ ከቤታቸው ወጡ። ጫማ የላቸውም፣ ሻሻቸው ወልቋል፣ እጃቸው ሊጥ ነው። አጥሩን አልዞሩም፣ በእሾሁ መሐል ነው የገቡት። «ኤሳ ጂራ? የት አለ? ልጄ የት አለ?» ይላሉ።

ባለጋሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። እናቴ ጣሳውን እንደያዘች ደረቀች። አዮ ጋሪውን አዩ፣ ጆንያውን አዩ። ከእጃቸው ላይ ደም ይወርዳል። ከዚያ፣ አይ አዮ፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ዘረጉ።

«እኔም ምስር ፈልጌ ነው። ስፈሪልኝ» አሉ።

በዚያ ቤት ምስር ተቀቅሎ አያውቅም። ሩዝ ነው፣ ሥጋ ነው፣ ወተት ነው። እናቴ ታውቃለች፤ ጣሳውን እስኪፈስ እየሞላች ሰፈረችላቸው።

ልጁ በኋላ መጣ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልመጣም። አባቴ ተዛውሮ ነገሌን እስክንለቅ አልመጣም፤ ደርግ ወድቆ መንገድ ተከፍቶም ወሬው አልተሰማም።

ጋሪው በመጣ በማግሥቱ አዮ የተሸፈነ ሳህን ይዘው መጡ። ምስሩን ሠርተውታል። ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ ቤቱን አወደው። እናቴ ደግሞ በጾም ቅቤ የነካውን ማንኪያ በአመድ የምታሽ ሴት ነች። ሳህኑን ተቀብላ አስቀመጠችና ማጽናናት ጀመረች።

«አዮ፣ አይዞዎት። ዮሴፍም እዚያው ምስር ገብቶ ጠፍቶ ነበር እኮ። አባቱ ሞቷል ብሎ አለቀሰ። መጨረሻ ላይ በዓይኑ አላየውም?»

አዮ ታሪኩን ያውቁታል፤ የእሳቸውም ነው። እኔ ባስተረጉምም ባላስተረጉምም ገብቷቸዋል። እጃቸው ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ አስተካከሉ።

«አየው» አሉ። «ግን ዩሱፍ አልመጣም። አባት ነው የሄደ። እኔን ማን ይወስደኛል?»

እናቴ አማተበች፣ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች፣ እንጀራ ቆርሳ ጎረሰች።

«እማዬ፣ ቅቤ አለው» አልኳት።

«ዝም በይ። ለንስሐ አባቴ የምነግረው እኔ ነኝ።»

አዮ አጠገቧ ተቀመጡ። «ብዪ» ይሏታል፣ ትጎርሳለች። «ብዪ» ይሏታል። ሳህኑ እስኪጠረግ ድረስ አልተነሱም።