ማዳም «ኸላስ» ያለች ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ስልኳን ይዛ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደች ለእረፍት የምንሄድበትን አገር ስትመርጥ ዋለች። መኪና አንከራይም፤ ሁለት ከተማ ውስጥ እናድራለን፣ ጠዋት በባቡር ወጣ ብለን ማታ እንመለሳለን። ዕቅዷ ይኼው ነው። በመጨረሻ ስልኩን በጣቷ ተጫነችና «ኸላስ!» አለች። እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

«ምን ሆንክ? ቲኬት ቆረጥኩ እንጂ ቤት አላቃጠልኩ!» ብላ ሳቀችብኝ። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ያቺ ቃል ሳላስበው ስትመጣብኝ ክው ያደርገኛል።

ኮሮና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘበት ጊዜ ነው። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ አቡ ዳቢ፣ አል ዛሂያ ውስጥ ባሉ አሮጌ ሕንፃዎች ኤሲ እጠግናለሁ፣ ማደሪያዬ ሙሳፋህ ነው። ታላቅ እህቴ ብርቱካን ደግሞ አል አይን ውስጥ በአንድ ቤት ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። እኔ እታለም ነው የምላት። አስተምራ፣ ቪዛ አፈላልጋ ያመጣችኝ እሷ ናት። ዘጠኝ ዓመት ስትኖር ከዚያ ቤት፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት በርና ከሱፐርማርኬቱ በቀር ያየችው ነገር አልነበረም። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

ያን በጋ ጆርጂያ ለተከተበ ሰው በሯን ከፈተች፤ የዚህ አገር ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ቪዛም አያስፈልገውም ሲሉ ሰማሁ። በቃ፣ እብደቴ ተነሳ። እታለም ታክሲ ውስጥ ገብታ አሥር ደቂቃ አትቆይም፤ ያስመልሳታል። ስለዚህ ዕቅዴ ሁሉ በእግርና በባቡር ሆነ። አራት ቀን ትብሊሲ፣ ከዚያው አንዱን ቀን ደርሶ መልስ ስሟን እስካሁን አስተካክዬ ወደማልጠራት የጥንት ቤተ ክርስቲያን ወዳለባት ከተማ፣ ከዚያ ባቱሚ፣ ባሕሩ ዳር። ሁለታችንም ሥራ ፍለጋ እንጂ ለሽርሽር ባሕር ተሻግረን አናውቅም ነበር። ሥራዬን ስጨርስ በድምፅ መልእክት እየተነጋገርን ገና ሳንሄድ ስንት ጊዜ ሄድን!

«ባቡሩ መስኮት አለው?» ትለኛለች።

«እታለም፣ መስኮት የሌለው ባቡር የት አይተሽ ነው?»

«ኧረ መስኮት ያለውንም አላየሁ!»

የቀረን የማዳም ፈቃድ ብቻ ነበር። አንድ ሰኞ ከጣሪያ ላይ ወርጄ ላቤን እየጠረግሁ ሳለ መልእክቷ ገባ። ከበስተኋላዋ ልጅ ያለቅሳል። «ማዳምን ነገርኳት። ኸላስ አለችኝ።» ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ኸላስ የዐረቦቹ «በቃ» ናት፤ እዚህ አገር የማትገባበት የለም። ሲስማሙ ኸላስ ነው፣ ሥራ ሲያልቅ ኸላስ ነው፣ ዝም በል ለማለትም ኸላስ ነው። እኔ ልሰማው የፈለግሁትን ሰማሁ። ስልኩን አፌ ላይ ለጥፌ፣ «እሰይ! እሰይ እታለሜ! ኸላስ፣ አገር ልታዪ ነው! ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሽው ቀን ደረሰልሽ!» ብዬ ጮህኩ። የዚያኑ ዕለት ሆቴል ያዝኩ፣ ቲኬት ቆረጥኩ። እሷ ለሦስት ቀን ድምፅዋን አጠፋች። በአራተኛው ቀን «ዓርብ ጠዋት ና» ብላ ጻፈችልኝ። ፓስፖርቷን ልትሰጠኝ ነው ብዬ ዕቅዱን በወረቀት አሳትሜ፣ ማስኬን አጥልቄ በአውቶቡስ ሄድኩ።

በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። አጠገቧ በፕላስተር የተጠፈሩ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ነበሩ።

«ይሄን ሁሉ ጭነሽ ነው ባቡር የምንሳፈረው? ለአሥር ቀን?» አልኳት እየሳቅሁ።

ዓይኗ ከማስኩ በላይ ቀልቷል። «የምን አሥር ቀን?» አለች። «ዛሬ ማታ አገር ቤት እገባለሁ አይደል እንዴ? በአሥር ሰዓት ሹፌሩ ይወስደኛል። ማዳም ኸላስ አለችኝ ብዬህ እሰይ አላልከኝም?»

የቤቱ አባት ሥራ በኮሮናው ቆሟል፣ ልጆቹም አድገዋል፤ ፈቃድ ልትጠይቅ የገባችው እህቴ ተሰናብታ ወጣች። እኔ ደግሞ እንጀራዋ በተቆረጠ ሰዓት እልል አልኩባት። «አገር ልታዪ ነው» ያልኳት ጆርጂያን ነበር፤ እሷ የሰማችው አገራችንን፣ ደሴን ነው። ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋት። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን እያየች ቆየችና «ውይ በሞትኩት!» ብላ እዚያው ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች።

እስከ አሥር ሰዓት የነበረን ጊዜ ያ ብቻ ነው። በእግር ይዣት በሰፈሩ ወዳሉት የቴምር ዛፎች ሄድኩ፤ ዘጠኝ ዓመት በአጠገቡ ኖራ ያልረገጠችው ቦታ። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ከጥላው ስር ግን ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ የበሰለ ቴምር መሬት ላይ ተበትኖ አየሩ ራሱ ይጣፍጣል። ፋላፈል ገዝቼ በላን። ዓርብ ስለነበር ወተት ያለበትን ሻይ እኔ ብቻ ጠጣሁ። ይቅር በይኝ ልል አፌን በከፈትኩ ቁጥር እሷ ስለ ትንሿ ልጅ ታወራ ነበር፤ ፀጉሯን ሲያበጥሯት እንደምታለቅስ፣ ማዳም ይህን እንደማታውቅ። መኪናው ሲመጣ መንገድ ላይ ቢያስመልሳት ብዬ ፌስታል በእጇ አስያዝኳትና ሄደች። የጆርጂያው ቲኬት ተቃጠለ።

ለዓመታት ይህን ነገር አላነሳንም። ባለፈው ሳምንት፣ ባለቤቴ ከሳቀችብኝ በኋላ፣ ደሴ ደወልኩላትና በቀጥታ ጠየቅኋት። «እታለም፣ ያን ጊዜ እሰይ ስልሽ አልተቀየምሽኝም?»

እዚያ ከከፈተችው ሱቅ ደንበኛ ስታሰናብት ይሰማኛል። ከዚያ፣ «አንተን ምን ብዬ እቀየማለሁ?» አለች። «እውነቱን ነው አልኩ። ሰው አገሩ ሲገባ እሰይ ነው የሚባለው። ሦስት ቀን ሙሉ መልእክትህን እየደጋገምኩ ሰማሁት፤ እስቲ እኔንም ደስ ይለኝ እንደሆነ ብዬ። ደስ አላለኝም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው፣ ወንድምዬ። በሰው ቤት፣ በሰው ልጅ፣ ለካ ቤቴ እዚያ ሆኖ ኖሯል።»

ስልኩን ዘጋሁ። እኔም እዚህ እሷ ከኖረችው በላይ ኖሬያለሁ። ነገ አገርህ ግባ ብባል እሰይ እል ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ቶሎ መጣ፤ ደነገጥኩ።