የአባቴ ኪሎ

ሚዛን አይዋሽም የሚል ሰው የእኔን አባት አያውቅም።

እኔ ሞላሌ ከተማ አስተምራለሁ፤ እሳቸው ገጠር ብቻቸውን ይኖራሉ። ድሮ በቅሎ የሚያጎብጡ ግዙፍ ሰው ነበሩ፤ አሁን ግድግዳ ሳይዙ አይራመዱም። «ከዚህ በላይ ከከሱ፣ ከተማ እኔ ዘንድ ነው የምወስድዎ» ብያቸው ነበር።

በየወሩ ጤና ጣቢያ አደርሳቸዋለሁ። በእኛ አገር ብርድ ሽማግሌን በርኖስ አውልቅ የሚል ስለሌለ ከነበርኖሳቸው ይመዘናሉ። ኪሏቸው ንቅንቅ አላለም። እኔም «ሰውነትዎ ደህና ነው፤ አለመራመድዎ ስንፍና ነው» እያልሁ እቆጣቸው ነበር።

ባለፈው ወር አዲስ የመጣች ነርስ «አባባ፣ በርኖሱን ያውልቁ» አለቻቸው። ጨምድደው ያዙት። እያባበልሁ ሳወልቅላቸው ከሥሩ ሌላ በርኖስ ወጣ። ከእሱ ሥር ወፍራም የሱፍ ባና፣ ከባናው ሥር የሟች እናቴ ጋቢ። ለካ በከሱ ቁጥር ልብስ ሲደርቡ ኖረዋል። በእጀ ጠባባቸው ብቻ ሚዛኑ ላይ ቆሙ። ቁጥሩ እጅግ ወርዷል።

አባቴ ወደተከመረው ልብስ ጠቆሙኝ።

«ልጄ፣ ከቤቴ አታውጣኝ። መልሰህ አልብሰኝና እንደገና ልመዘን።»