በራስዎ ቃል ይንገሩኝ

ሮተርዳም ውስጥ የጡረታ ደብዳቤ የሚልክ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ያንን የተወሳሰበ ደብዳቤ ሆላንድኛ ለማይችሉ ሰዎች ማቅለል የእኔ ሥራ ነው። ለሰው እንዴት እንደምናስረዳ የሚናገረውን መመሪያ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። «‹ገባዎት?› ብለህ አትጠይቅ፤ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። የገባውን በራሱ ቃል መልሶ ይንገርህ» ይላል። ይህን ከትምህርት ቤት ያመጣሁት እንዳይመስላችሁ። እናቴ አምስተርዳም ኖርድ ስትኖር ደብዳቤ ያነበበላትን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ብላ ትሸኝና፣ በሩን ዘግታ «ምንድነው ያለው?» ትለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ ጉድ የሠራሁት።

እኔ በምኖርበት ስኪዳም፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ላይ በዕድሜ የገፉ ፊሊፒናውያን ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ሴትዮዋ ዴንሃግ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት፤ እንግሊዝኛቸው ከፎጣና ከአንሶላ ብዙም አያልፍም። ባልየው ታመው ቤት ከዋሉ ቆይተዋል፤ የሚኖሩት በሚስታቸው ደመወዝ ነው። እኔን «አናክ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሴትዮዋ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ሁለቱም ወረቀት ይዘው ወደ እኔ ወረዱ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሚስት ቀድማ ከሞተች ለባል በየወሩ የሚከፈል ጡረታ አለ። ያንን ከተዉት የሚስት የራሷ ጡረታ ከፍ ይላል። ባልም አብሮ መፈረም አለበት፤ አንዴ ከተፈረመ መመለሻ የለውም።

በቀላል እንግሊዝኛ፣ በእስክሪብቶ ሥዕል ጭምር አስረዳኋቸው። አቤት የዚያን ቀን ኩራቴ! ሁለቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። መሥሪያ ቤታችን የአገራቸውን ቋንቋ፣ ታጋሎግኛ የምትናገር ልጅ ስላለች «ልደውልላት?» ብዬ ነበር። ሴትዮዋ «ተዪ፣ ሰው አናስቸግር፤ አንቺ በደንብ ነግረሽናል» አሉኝ።

«በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር እኮ! ግን እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ፣ ያውም ባላቸው ፊት፣ እንደ ተማሪ ልፈትናቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። «ከፍ ያለውን ለምን መረጡ?» ማለትም የሰው ጓዳ መግባት መሰለኝ። «ገባዎት?» አልኩ። «አዎ፣ አናክ» አሉ። ከፍ ያለው ጡረታ ላይ ምልክት አደረጉና ሁለቱም ፈረሙ። በማግስቱ አንድ ሳህን ሩዝ በዶሮ ላኩልኝ፤ እኔም ጀግናዋ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ዓመት ሳይሞላ ሴትዮዋ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ባልየው ደብዳቤ ይዘው መጡ። የሚስታቸው ጡረታ መቆሙን፣ ለእሳቸውም የሚከፈል ነገር እንደሌለ ይላል። እሳቸው ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛ «የሷ ለእኔ መቼ ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁኝ። ለዚያች ልጅ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ልጅቷ ካዳመጠቻቸው በኋላ «ከፍ ያለውን የመረጥነው እኔ በኋላ እንዳልቸገር ነው፤ እሷ ስትሞት ወደ እኔ የሚዞር መስሎን ነበር ይላሉ» አለችኝ። አንድ ስልክ፣ አሥር ደቂቃ! እጄን በቆረጠው። መሥሪያ ቤቴን ለመንኩ፣ አለቃዬ ፊት አለቀስኩ፤ የተፈረመ ተፈርሟል አሉኝ። ያ ሩዝ ዛሬም ድረስ ይተናነቀኛል።

ያን ቀን ልጅቷ ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ በታጋሎግኛ አስረዳቻቸው። ስትጨርስ፣ ራሴን እየረገምኩ፣ ያንን ጥያቄ እንድትጠይቅልኝ ነገርኳት። «የገባዎትን በራስዎ ቃል ይንገሩን።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ልጅቷም ተረጎመችልኝ።

«ለእኔ ብላ ፈረመች። ለእኔ የተረፈ ግን ምንም የለም። እኔም ፈርሜበታለሁ።»

አንዲት ነገር አልሳቱም።